በሩልፊን ስም የምንገባው

ሩልፊን ሃደርስ አባቷን ምሳ ከልክላ የገደለች ሴት ናት ይሏታል። በኛ ቦይ ዳር እንዲህ ያለው ነገር ጮክ ተብሎ አይነገርም። ዳቦ ቤት ስትገባ ወሬው ቁርጥ ይላል፤ ስትወጣ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔም ተራዬን ስጠብቅ እሰማለሁ፤ ሰምቼም ዳቦዬን ይዤ እወጣለሁ። ነገሩን ያደረገችው እሷ እንዳልሆነች በደንብ አውቃለሁ፤ ያደረግኩት እኔ ነኝና። ፍራውከ እባላለሁ። ለዘጠኝ ዓመት ከሩልፊን ጋር፣ በሩልፊን ስም ሠርቻለሁ።

ሩልፊን የተወለደችው ቦዩ ላይ ካለው የድልድይ ጠባቂ ቤት ነው። አባቷ ሉፖ አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ድልድይ ለድንች ጀልባዎች ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው ነበር። ያለፈውን ጀልባ ሁሉ በእርሳስ ይጽፋል፤ ስሙን፣ ጭነቱን፣ ሰዓቱን። ጡረታ ከወጣ በኋላም እጁ አልተወውም። ለቤቱ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ፣ የመብራት ሂሳብም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ፣ ጀርባው ላይ «ደረሰኝ» ብሎ ቀኑን ሳይጽፍበት አያስቀምጥም። ልጁ እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ቁርጥ እሱን ወጣች። በሰባት ዓመቷ የክፍሏን ልጆች ልደት በሙሉ መዝግባ፣ በኛ አገር የልደት ሰሌዳ በየቤቱ የሚሰቀለው ሽንት ቤት ነውና፣ እዚያው ግድግዳ ላይ ሰቅላው ነበር ይባላል። አባትና ልጅ ሲወዱም ዝም፣ ሲቆጡም ዝም ነበሩ።

በስታርች ፋብሪካው ቢሮ ሃያ ዓመት ሠራች። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሽማግሌዎች ትኩስ ምሳ የሚያደርሰው ማኅበራችን ቀጠራት። በማታ ትምህርት የተማረችውን ይዛ ተመጋቢዎቹ የሚመዘገቡበትን ዳታቤዝ ብቻዋን ሠራችው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቢጫ ገጽ አለው፤ ጨው የማይበላ፣ ስኳር ያለበት፣ ዓሣ የሚጠላ፣ ውሻው የሚናከስ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። ምሳው ሲደርስ «ደርሷል» በሚለው ሳጥን ላይ ራይት እናደርጋለን። ከገጹ ግርጌ ደግሞ «አርፏል» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። እሱ ላይ ራይት ከተደረገ ምሳው ይቆማል፣ ስሙ ከዕለቱ ዝርዝር ይወጣል፣ ማተሚያውም ለሟቹ ቤተሰብ የማጽናኛ ካርድ ያወጣል፤ የሩልፊን ፊርማ አብሮ ይታተማል። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡ አንዲት አሮጊት በጎ ፈቃደኛ ካርዶቹን አጥፈው፣ ፖስታ ውስጥ ከተው ይልካሉ። ሩልፊን ይህን ያሰበችው አንድም ሐዘንተኛ ያለ ካርድ እንዳይቀር ብላ ነው።

ካርድ እዚህ ቀልድ አይደለም። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ዳር ዳሩ ግራጫ የሆነ የመርዶ ካርድ ይልካል፤ የደረሰው ቀብር ይሄዳል፣ ያልደረሰው አይሄድም። ካልደረሰህ አልተፈለግክም ማለት ነው። ለምን ቀረብኝ ብሎ ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ እስካሁን በመንደራችን አልተወለደም። እኔ ራሴ አክስቴን ሳልቀብር የቀረሁት በዚህ ነው፤ እስከ ዛሬም አልጠየቅኩም።

ማኅበሩ ወደ አራት መንደር ሲሰፋ፣ አስተባባሪዎች ከየቤታቸው ሆነው ይሥሩ ተባለ። ዳታቤዙ ያለው በቢሮው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። እኛ ከርቀት እንገባና የዚያን ኮምፒውተር ስክሪን በራሳችን ስክሪን ላይ እያየን፣ እዚያው የተቀመጥን ያህል እንሠራለን። ለየሰዉ የራሱ መግቢያ ስም ይውጣ ሲባል፣ የቦርዱ ሊቀ መንበር አቶ ቮልትሃውስ አሻፈረኝ አሉ። «አንድ ስም ምን አነሰው? እርስ በርስ አትተማመኑም እንዴ?» አሉ። ስለዚህ ሁላችንም በሩልፊን ስም፣ በሩልፊን የይለፍ ቃል መግባት ጀመርን። ማሽኑ አንድ ወንበር ብቻ እንዳለው ቤት ነው፤ አንዱ ሲገባ የተቀመጠውን ያስነሳዋል። በዚህ ምክንያት ሰዓት ተከፋፍለን ነበር፤ ከረፋዱ አራት እስከ አምስት የኔ ነው።

«ስትጨርሱ ገጹን ዝጉ፤ ከዚያ ከስሜ ውጡ፤ ከዚያ ወደፈለጋችሁበት ሂዱ» ትለን ነበር ሩልፊን። «ዝም ብላችሁ የስክሪኑን መስኮት ጥላችሁት ከሄዳችሁ ገጹ እንደተከፈተ ይቀራል። ቀጥሎ የሚገባው ሰው የራሱ መስሎት ይጽፍበታል።»

እኔ እረሳለሁ። ስልክ ይደወላል፣ ወተት ይገነፍላል፣ መስኮቱን ጥዬ እነሳለሁ። አንድ ሐሙስ በስብሰባ ላይ፣ ሁሉም ብስኩቱን በአፉ ይዞ ሳለ፣ ወደኔ ዞረች።

«ፍራውከ፣ እናትሽ ቤት በረት ነበራችሁ አይደል?»

«ነበረን።»

«ከፍተሽው ነበር የምትሄጂው? ላሞቹ ቦይ ሲገቡ ማን ነበር የሚያወጣቸው?»

ተሳቀ። አቶ ቮልትሃውስም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ያቺን ሴት አልወደድኳትም፤ ይህን መደበቅ ምንም አያደርግልኝም።

አሁን ስለ አባትና ልጅ ኩርፊያ። ከርቀት መግባት የተጀመረበት ቀን፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት መሆኑ ነው፣ የሩልፊን እናት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሉፖ ረፋዱ ላይ ደውሎ «ነይ» አላት። «የማሽኑ ሰዎች መጥተዋል፤ አስጨርሻቸው እመጣለሁ» አለችው። ስትደርስ እናትየው ካረፈች አንድ ሰዓት ሆኗታል። ሉፖ ኮቱን ለብሶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። «ማሽንሽ ተከፈተልሽ?» አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እስከ ዘጠኝ ዓመት የመጨረሻ ቃላቸው ያችው ሆነች። በመሃላቸው ያለው አስራ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በብስክሌት ቀስ ቢሉ አርባ አምስት ደቂቃ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሉፖ እግሩ ከዳው፣ ስኳሩም ባሰበት። ሌላ አገር ለመኖር ጓዙን የሚጠቀልል አንድ ጎረቤት ምሳ እንዲደርሰው አስመዘገበው። መንደሩ በኔ ስር ነው። ሩልፊን የአባቷን ስም ስታይ አንድ ቃል አልተናገረችም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው የሱን ገጽ እየከፈተች ታይ ነበር። ትናንት ደርሷል። ከትናንት ወዲያ ደርሷል። ሳህኑን የተቀበለ ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ አባቷ የቀራት በዚያች ራይት ብቻ ነበር። ሥራ በዝቶባት በራሷ ሰዓት ካላየችው፣ የራሷን ሕግ ጥሳ በኔ ሰዓት ለአንድ ደቂቃ ትገባለች። እኔ ጋ ስክሪኑ ጭልም ይላል። ኢንተርኔቴ የተቋረጠ እየመሰለኝ እራገማለሁ፤ እሷ መሆኗን ያወቅኩት ኋላ ነው።

ወደ ሉፖ ምሳ የሚያደርሰው ሲኮ ነው፤ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ወሬ የማይጠላ ጡረተኛ። አንድ ቀን ባዶ ሳህኖቹን ሊመልስ መጥቶ እንዲህ አለኝ፦

«ያ ሉፖ አስቸገረኝ እኮ። በሩን ሲከፍት ሰላም እንኳ ሳይለኝ ‹ያቺ ልጅ አሁንም ማሽኑ ጋ ናት?› ይለኛል። ‹ናት› እለዋለሁ። ‹እህ› ይልና ሳህኑን ይቀበላል። በየቀኑ! አንድ ቀን አትቀርም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?»

«ንገሪያት እንጂ።»

«ለ‹እህ› የሚሆን ሳጥን የለንም ሲኮ» አልኩት። ሳቀ። አልነገርኳትም። ስትሰማ ደስ እንደሚላት አውቅ ነበር፤ ያልነገርኳትም ስለዚያ ነው።

የካቲት ላይ፣ ሰኞ ረፋድ፣ የወይዘሮ አልበርዲን ልጅ ደወለችልኝ። ምሳ እናደርስላት የነበረችው እናቷ እሁድ አርፋለች። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ የአልበርዲንን ገጽ ከፈትኩ። ስክሪኑ ጭልም አለ። «ይሄ የተረገመ!» አልኩ፤ ልጅቷ የሰደብኳት መስሏት ዝም አለች። ይቅርታ እየጠየቅኩ ተመልሼ ገባሁ። ቢጫ ገጽ ተከፍቷል፤ ግርጌው ላይ ሳጥኗ አለች። ራይት አደረግኩ። «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ፣ መስኮቱንም ጥዬ ተነሳሁ።

በዚያች ደቂቃ የሆነው ይህ ነው። ሩልፊን ቢሮ ሆና ገብታ እኔን አስወጣችኝ። የአልበርዲንን ገጽ ገልብጣ የአባቷን አመጣች። ቅዳሜ ደርሷል የሚለውን እያየች ሳለ እኔ ተመልሼ ገብቼ እሷን አስወጣኋት። የተከፈተው ገጽ የሉፖ ነበር። ከላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል፤ አላየሁትም።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ሲኮ በስልክ ጮኸብኝ።

«አልበርዲን ቤት ምሳ ይዤ ሄጄ ተዋረድኩ! ልጅቷ በሩን ከፍታ ‹እናቴ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ናት፣ ይሄን የስጋ ድቡልቡል ማን ይብላላት?› አለችኝ። ትናንት ነግሬያታለሁ እያለች ነው፤ ምን ሆነሻል?»

«ማሽኑ ነው» አልኩት።

«ሉፖስ? የሱ ስም ዝርዝሩ ላይ የለም። ሞተ እንዳትይኝ፤ ትናንት ሳህኑን ተቀብሎኛል እኮ!»

ሰኞ ያደረግኳት ራይት አንድ ቦታ መቀመጥ አለባት። ሁለት ደቂቃ ብፈልግ አገኛታለሁ። ካገኘኋት ግን ለሩልፊን መደወል አለብኝ፤ ሩልፊን ደግሞ ሐሙስ በረቱንም ላሞቹንም መልሳ ታመጣቸዋለች፣ ያውም በገዛ አባቷ። ፊቴ ከወዲሁ ጋለ።

«ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው ሲኮ» አልኩት። «በዚህ ዕድሜ ለመሞት ሳምንት ያስፈልጋል እንዴ? ማሽኑ ካወጣው ወጥቷል።»

«አይ ሉፖ» አለ ሲኮ፤ ድምፁ ወረደ።

ስልኩን ስዘጋ የአልበርዲንን ገጽ ከፍቼ በትክክል ራይት አደረግኩ። ስለሌላው ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ነገ አያለሁ አልኩ። ጠርጥሬ ነበር፤ ከመጠርጠርም አልፌ አውቄ ነበር። ነገም አላየሁም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሩልፊን ደወለችልኝ።

«እንዴት ነው በናንተ በኩል?»

«ደህና ነው።»

«አዲስ ነገር የለም?»

ልታወጣጣኝ መሰለኝ። የራይቷን ነገር ደርሳበት እስክለፈልፍ የምትጠብቅ መሰለኝ።

«ምንም አዲስ ነገር የለም» አልኳት።

«እሺ» ብላ ዘጋች።

ያኔ ገጹ ፊት ለፊቷ ተከፍቶ ነበር፤ አርፏል ይላል፣ ሰኞ። መዝጋቢዋ ሩልፊን ይላል፤ ይህ ግን ለሷ ምንም አይነግራትም፣ ሁላችንም ሩልፊን ነን። የመንደሩ አስተባባሪ እኔ ነኝ፤ አባቷ ሞቶ እኔ ሳልሰማ አልቀርም። ደውላ እንድነግራት በር ከፈተችልኝ፤ ምንም የለም አልኳት። እንግዲያው ለሷ አትንገሩ ተብሏል ብላ አመነች። ቀብሩን ለአክስቷ ለቩበ፣ ድንበር ማዶ ጀርመን ለምትኖረው ለሉፖ እህት፣ አደራ ብሎ እንደነበር ታውቃለች። ካርድ የምትልከው ቩበ ናት። ስለዚህ ካርዱን ጠበቀች።

ረቡዕ ፖስተኛዋ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ አመጣችላት። ሐሙስ ምንም። ዓርብ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ። ሐሙስ በስብሰባ ላይ ተቀምጣ የሳምንቱን የሾርባ ዝርዝር አነበበችልን፤ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም። ጥቁር ቀሚሷን ተኩሳ በሯ ላይ ሰቅላ ነበር። ቅዳሜም ካርድ አልመጣም። ሬሳ እዚህ ከሳምንት በላይ ሳይቀበር አይቆይም፤ በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀሚሱን አውርዳ ቁም ሳጥን ውስጥ መለሰችው። ሞቶ እንኳ አልታረቀኝም አለች ለራሷ። መደወል አልደወለችም። ያልተጠራችበት ለቅሶ እንዴት ትደውላለች?

በመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ ሉፖ ግን ካርድ ደርሶት ነበር። «ለሉፖ ሃደርስ ቤተሰብ» ይላል ፖስታው ላይ። ቤተሰብ ቢባል ከሷ በቀር የለውም። ውስጡ ደግሞ «በምትወዱት ሰው ሞት አዝነናል፤ ከማዕዳችን ቦታው ባዶ ይሆናል» ይልና ከሥሩ የልጁ ፊርማ አለ። ምሳው ከማክሰኞ ጀምሮ ቆሟል። ምን ብሎ ይረዳው? ልጄ ሞተሃል አለችኝ፣ ማዕዱንም አነሳችው ብሎ ተረዳው። የማኅበሩ ቁጥር ከስልኩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። አልደወለም። ለምን ቆመብኝ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። መጋረጃዎቹን ዘጋ፤ ጓዳ ውስጥ ደረቅ ዳቦና ድንች ነበረው፣ እሱን ይበላ ጀመር።

መጋረጃ የተዘጋበት ቤት የለቅሶ ቤት ነው። ሲኮ ሐሙስ በበሩ ሲያልፍ አይቶ ቆቡን አወለቀ። ለኔም ነገረኝ፦ «መጋረጃው ተዘግቷል፤ ነፍሱን ይማር።» ተመስገን አልኩ። አዎ፣ ሰው ሞተ ሲባል ተመስገን አልኩ፤ ጥፋቴ ጥፋት መሆኑ የቀረ መሰለኝ። እንቅልፌ ተመለሰልኝ።

በሁለተኛው እሁድ ሩልፊን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አላስቻላትም። ካልጠሩኝ መቃብሩን እንኳ ልየው ብላ ብስክሌቷን ይዛ ሄደች። የእናቷ መቃብር ድንጋይ እዚያው አለ፤ አጠገቡ ያለው መሬት ግን ሳር ነው። አዲስ አፈር የለም፤ አበባ የለም። ዞራ ሌሎቹን ረድፎች አየች። የወይዘሮ አልበርዲን አዲስ አፈር አለ። የሉፖ የለም።

«ሳቅኩ» አለችኝ ይህን ስትነግረኝ። «መቃብር መሃል ብቻዬን ቆሜ፣ እንደ እብድ። አልሞተም! ለካ ማሽኑ ነው የሳተው! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምለውን አጥቼ፣ አሁን የምለው ተገኘልኝ። ‹አባባ፣ ገደልንህ እኮ!› እለዋለሁ፤ ይስቃል፤ ከዚያ እገባለሁ።»

ከመቃብሩ እስከ ድልድዩ ቤት ስድስት ደቂቃ ነው። ቁልፉ ዱሮ በነበረበት፣ ከአበባው ማሰሮ ሥር ነበር። ሉፖ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጎኑ ተኝቷል። ሐኪሙ መጥቶ አየው። ዓርብ ረፋዱ ላይ ሳይወድቅ አይቀርም አለ፤ ዳሌው ተሰብሯል፤ ያረፈው ትናንት ማታ ነው። ዓርብ ቀትር ሲኮ ሳህኑን ይዞ በሩን ቢያንኳኳ ኖሮ ድምፁን ይሰማ ነበር። ሲኮ ዓርብ ቀትር በዚያ በር አልፏል፤ ቆቡን አውልቆ።

ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ከጨው ዕቃው ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ ፊርማው ሰው ወደሚቀመጥበት ዞሯል። ገልብጣ አየችው። በእርሳስ፣ ቀጥ ባለው በድልድይ ጠባቂው ጽሕፈት፣ «ደረሰኝ፣ ረቡዕ» ይላል።

የቦርዱ ስብሰባ ማክሰኞ ሆነ። አቶ ቮልትሃውስ አንድ ወረቀት አሳትመው መጥተዋል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፦ «አርፏል። ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአርባ። መዝጋቢ፦ ሩልፊን።»

«ሁላችንም በዚያ ስም ነው የምንገባው» አለች ሩልፊን። አራታችንን አንድ በአንድ አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ ቆየች። ሳህኑ ላይ ያለውን ብስኩት ማየት ጀመርኩ።

«እንግዲህ አደረግኩ ያለ ሰው የለም» አሉ አቶ ቮልትሃውስ። «ማሽኑ ደግሞ የጻፈውን ጽፏል። ከአባትሽ ጋር ዘጠኝ ዓመት እንዳልተነጋገራችሁ አገር ያውቀዋል። ምንም ማለቴ አይደለም።»

«ምንም ማለትዎ ካልሆነ ለምን ይሉታል?»

«ይሄው ነው እንግዲህ፤ ሁልጊዜ ምላስሽ» አሉና ወረቀቱን አጠፉት። ቀጥለውም፣ ሥራዋን በገዛ ፈቃዷ ብትለቅ ለሁሉም እንደሚሻል ነገሯት። «ሐሙስ እንሰናበትሻለን። ኬኩን መቼም ታመጫለሽ?» የሚሰናበት ሰው ኬክ ያመጣል፤ ልማዱ ነው፣ ለሷም አልቀረላትም። ሐሙስ የፖም ኬክ ጋግራ አመጣች፤ ለየሰዉ እኩል እኩል ቆርጣ፣ ሹካ ሳይቀር አቀረበችልን። በላን። እኔ ሁለት ቁራጭ በላሁ፤ መብላት ካቆምኩ እንዳልናገር ፈርቼ።

አክስት ቩበ ወሬውን ሰምታለች። እውነተኛው የመርዶ ካርድ ሲመጣ ለሲኮ ደረሰው፣ ለአቶ ቮልትሃውስ ደረሳቸው፣ ለኔም ደረሰኝ። ለሩልፊን አልደረሳትም። የቀብሩ ቀን ሳጥኑን ስንከተል ከቦዩ ማዶ፣ ብስክሌቷን ይዛ፣ ያን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ቆማ አየናት። ማንም እጁን አላነሳም። ልጁ ናት፣ ብትመጣ ማንም አይከለክላትም ነበር፤ እሷ ግን ካርድ አልደረሳትም።

የሷ ወንበር ለኔ ተሰጠኝ። በአምስተኛው ሳምንት አልቻልኩም፤ ሄጄ በሯን ደወልኩ። ግቢ አላለችኝም፣ ሂጂም አላለችኝም። በሩ ምንጣፍ ላይ እንደቆምኩ፣

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አስከሬኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሐኪሙን ስጠብቅ ነው የገባኝ። ሰዓቱ ያንቺ ነው። በሰዓትሽ ያስነሳሁሽም እኔ ነኝ፤ ገጹን ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ።» ከዚያ ያችን ደቂቃ፣ ካርድ የጠበቀችባቸውን ቀናት፣ መቃብሩንም ሁሉ ነገረችኝ። ድምፅዋ ከፍ ዝቅ አላለም።

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ካርዱን ሲያይ እኔ የጻፍኩት መሰለው፤ ይህን ትጽፋለች ብሎ አመነ። እኔም ካርድ ሲቀርብኝ እሱ የከለከለኝ መሰለኝ፤ ያደርገዋል ብዬ አመንኩ። አንቺ አንዲት ራይት ነው ያደረግሽው ፍራውከ። የቀረውን እኛው ጨረስነው።»

«ለአቶ ቮልትሃውስ ልንገራቸው?»

«ለኔ ብለሽ ከሆነ ተይው። ለራስሽ ከሆነ መንገዱ አይጠፋሽም።»

እንዲህ በቀላሉ ስትለቀኝ ማመስገን ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተናደድኩባት። እንደ ሕፃን አየችኝ። ልመለስ ስዞር ጠራችኝ።

«ሲኮ ነበር የሚያደርስለት። አባቴ አንድ ቀን እንኳ… ስለኔ ብሎት ያውቃል?»

አያውቅም ብላት ይሻላት ነበር። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

«በየቀኑ ይጠይቀው ነበር» አልኳት። «‹ያቺ ልጅ አሁንም ማሽኑ ጋ ናት?› ይለው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ።»

የበሩን እጀታ ያዘች።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልመዘገብሽውም?»

«ሳጥን አልነበረውም።»

ራሷን ነቀነቀች። ሳጥኖቹን የሠራችው እሷ ናት። «አዎ፣ አልሠራሁለትም» አለች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ለአቶ ቮልትሃውስ አልነገርኳቸውም። ይኸው ሰኔ ገባ፤ አልነገርኳቸውም። የመግቢያ ስሙንም የቀየረው የለም፤ አንድ ስም ይበቃል ብለዋል። በየማለዳው ስገባ ማሽኑ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ሩልፊን» ይለኛል። ከሷ በር በተመለስኩ በማግስቱ ማለዳ ግን፣ የሉፖን ገጽ ከሟቾቹ መሃል ፈልጌ አወጣሁት። ከውሻና ከጨው በታች «ሌላ ማስታወሻ» የምትል ባዶ መስመር አለች፤ ለካ ሁልጊዜም ነበረች። «በየቀኑ ስለ ልጁ ይጠይቅ ነበር» ብዬ ጻፍኩባት። ማሽኑም እንደ ልማዱ ሰዓቱን አስገባና ከሥሩ «መዝጋቢ፦ ሩልፊን» ብሎ ጨመረበት።